የአንድ ዓመት የሥራና የግል ግብ አወጣጥ፦ መጀመሪያ ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል። «ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ ላወጣ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ሥራ ከጀመሩ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ባንክ የሚሠራ አለ፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለች አለች። ለእያንዳንዱ ለብቻ ስመልስ ከምኖር ሙሉውን አሠራር እዚህ ልጻፈው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ግቡን ይጽፋል፤ ጊዜና ገንዘብ የሚፈልግለት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የማሳያችሁ ግን ተገላቢጦሹን ነው። ያላችሁን ሰዓትና ብር ትቆጥራላችሁ፣ ከዚያ ያ አቅም የሚችለውን ግብ ትመርጣላችሁ። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ በጀት ሳይታወቅ ወጪ ሲጸድቅ ምን እንደሚከተል በየዓመቱ አያለሁ። የሰው ዕቅድም እንዲሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር። የስልክ ማስታወሻ አይተካውም። ስልኩን የከፈታችሁት ለዕቅድ ቢሆንም መልእክት ሲመጣ ወደዚያ ትሄዳላችሁ።
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ።
- የኛም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን ያለበት የግድግዳ ካሌንደር።
- ያለፉት 3 ወራት የባንክና የቴሌብር ገቢና ወጪ ዝርዝር።
- ልትደርሱበት የምትፈልጉት ሥራ 3 የቅጥር ማስታወቂያዎች፣ ከ3 የተለያዩ ድርጅቶች።
- ለምዝገባ 7 ቀን፣ ለመጻፍ 3 ምሽት።

ለሦስቱ ምሽት ጳጉሜን የሚመች ጊዜ ነው፤ የምዝገባውን ሳምንት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ጳጉሜን ካለፈባችሁ ግን መስከረምን አትጠብቁ። ጥር ላይም ቢሆን አሠራሩ ያው ነው።

1. ለአንድ ሳምንት ሰዓታችሁን መዝግቡ

ሰኞ ጠዋት ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ስጡ። በየሦስት ሰዓቱ ቆም በሉና ያለፈው ጊዜ የት እንደሄደ በሁለት ቃል ጻፉ። «የታክሲ ሰልፍ»፣ «ምሳ»፣ «ቲክቶክ»፣ «ጎረቤት ለቅሶ»። አታሳምሩት። ደብተሩን ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም። ማታ ላይ ደግሞ ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በቀኑ ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁበት እዩና ቁጥሩን ጻፉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሰው ጊዜውን በግምት ሲናገር ይስታል። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ያሳንሳል፣ ስልክ ላይ የሚያልፈውን ጭራሽ ይረሳዋል። በግምት ላይ የቆመ ዕቅድ ጥቅምት ሳይገባ ይፈርሳል።

2. ከ168 ላይ ቀንሱ

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ አያት ሰፈር የምትኖር፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ።

- እንቅልፍ፣ በቀን 7 ሰዓት፦ 49
- ሥራ ከምሳ ሰዓት ጋር፣ የቅዳሜውን ግማሽ ቀን ጨምሮ፦ 49
- መንገድ፣ በቀን 3 ሰዓት ለ6 ቀን፦ 18
- ምግብ ማብሰል፣ መብላት፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤት ማጽዳት፦ 21
- ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተሰብ፣ ዕድርና ለቅሶ፦ 9
- ስልክ፦ 14

ድምሩ 160 ነው። ቀሪው 8 ሰዓት። ከዚህም ላይ ሩቡን ሳትነኩ ተዉት፤ ሰው ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንግዳ ይመጣል። ለግብ የሚሆናት 6 ሰዓት ነው።

6 ሰዓት ትንሽ መስሏችሁ አትዘኑ። ይህን ቁጥር ያወቀ ሰው በሳምንት 20 ሰዓት የሚጠይቅ ኮርስ ከፍሎ አይመዘገብም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

«ከስልኩ 14 ሰዓት ላይ እቀንሳለሁ» የምትሉ ብትቀንሱ ደስ ይለኛል። ግን በመጀመሪያው ወር አትቁጠሩት፣ ገና እጃችሁ አልገባም። «ታክሲ ውስጥ አጠናለሁ» የሚለውንም አትቁጠሩ። ተጨናንቃችሁ በምትሄዱበት መንገድ የሚሰማ ነገር ማዳመጥ ይቻል ይሆናል፤ የሚጻፍና የሚሰላ ነገር ግን አይሠራም።

3. ብሩን ቁጠሩ

የ3 ወሩን ዝርዝር ዘርጉና ወጪውን በስድስት በሰባት ክፍል መድቡ። ሦስት ወር ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ በዓል ወይም ሰርግ ያለበት አንድ ወር ብቻውን ያሳስታል።

ያቺ ሠራተኛ እጇ ላይ የሚደርሰው 15,000 ብር ነው እንበል። የቤት ኪራይ 5,000፣ ምግብ 4,500፣ ትራንስፖርት 1,800፣ ለቤተሰብ 1,500፣ ዕቁብ 1,000፣ ካርድና ሌላ ሌላው 700። ድምሩ 14,500 ይሆናል፣ 500 ብር ይተርፋል። በሳምንት ሁለት ቀን ምሳ ቋጥራ ብትሄድ ሌላ 300 ብር ታገኛለች። ስለዚህ የወር አቅሟ 800 ብር ነው።

ለቤተሰብ የምትልኩትን ከዝርዝሩ አታውጡ። ብዙዎች አፍረው ወይም ረስተው ይተዉታል፤ ከዚያ በሁለተኛው ወር ዕቅዱ ይዛባል።

4. ማስታወቂያዎቹን አንብቡ፣ ከዚያ አንድ ሰው ጠይቁ

ሦስቱን የቅጥር ማስታወቂያዎች ከሪፖርተር ጋዜጣ፣ ከኢትዮጆብስ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ወይም ከምትከታተሉት የቴሌግራም ቻናል አግኙ። አሁን ልትወዳደሩበት አይደለም። ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ወዲያ ልትሆኑት የምትፈልጉትን ፈልጉ። በሦስቱም ላይ የሚደጋገመውን በቀይ አስምሩበት።

የኛ ሠራተኛ ሲኒየር አካውንታንት መሆን ትፈልጋለች። የምታገኘው ዲግሪ፣ የጥቂት ዓመት ልምድ፣ የፒችትሪ ወይም የሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር ችሎታ፣ ኤክሴል፣ የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ዕውቀት ነው። ዲግሪው አላት። ልምዱ በጊዜው ይመጣል። ፒችትሪ በየቀኑ ትነካለች። የሚጎድላት ኤክሴሉና የሪፖርት ደረጃዎቹ ናቸው።

ከዚያ ያንን ሥራ አሁን የሚሠራ አንድ ሰው ፈልጉ። «ቡና ልጋብዝሽ፣ 20 ደቂቃ ብቻ ስጪኝ» ማለት ይበቃል። ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራው ላይ በየቀኑ የምትጠቀሚበት የትኛውን ነው? ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ግን ማንም የማይጠይቀው የትኛው ነው? እንደገና ብትጀምሪ መጀመሪያ ምን ትማሪ ነበር? መልሱን እዚያው ጻፉ።

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ጓደኛ «እሱን ኮርስ ውሰድ፣ አሪፍ ነው» ሲል ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። ማስታወቂያው ግን የቀጣሪውን ፍላጎት ይነግራችኋል። ሰርተፍኬት ሰብስበው ሥራ ያላገኙ ልጆችን ሳነጋግር አብዛኞቹ ይህችን ነገር ነው የዘለሏት።

5. ሁለት ግብ ብቻ ምረጡ

አንድ የሥራ፣ አንድ የግል። ሦስተኛ የለም። የቀሩትን በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ «ለሚቀጥለው» ብላችሁ አስቀምጧቸው።

ምክንያቱ ስሌት ነው። 6 ሰዓት ለሁለት ሲካፈል ለአንዱ 4፣ ለሌላው 2 ይደርሰዋል። ለስድስት ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት ያለፈውን ሳምንት ከልሳችሁ ሳትጨርሱ ጊዜው ያልቃል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት 11 ግብ ጽፌ ነበር። ጋዜጣ ላይ መጻፍ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩጫ፣ ሁሉም ነበረበት። አንዱንም አልጨረስኩም። የጎዳኝ ደግሞ ግቦቹ መቅረታቸው ብቻ አልነበረም፤ በራሴ ቃል ማመን አቆምኩ።

6. ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ አራት ነገር ይያዝ፦ በእናንተ እጅ ያለ ድርጊት፣ መጠን፣ ቀን፣ ማስረጃ።

ደካማ፦ «ዘንድሮ ኤክሴል እማራለሁ።»
ደህና፦ «እስከ መጋቢት 30 ድረስ የክፍላችንን የወር ሪፖርት በኤክሴል ብቻዬን አዘጋጃለሁ። ማስረጃው ለአለቃዬ የላክኋቸው 3 ተከታታይ ሪፖርቶች ናቸው።»

ደካማ፦ «መቆጠብ።»
ደህና፦ «ደመወዝ በገባ ማግስት በየወሩ 800 ብር ወደ ሌላ አካውንት አስገባለሁ። ጳጉሜን 1 ላይ 9,600 ብር ይኖረኛል።»

«በእናንተ እጅ ያለ» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሐዋሳ ላይ ባለ ድርጅት እቀጠራለሁ» የምትሉት ግብ ውሳኔው የቀጣሪው ነው። ባይሳካ ጥፋተኛ ያልሆናችሁበትን ነገር እንደ ውድቀት ትቆጥሩታላችሁ። «በየሳምንቱ ለ2 ክፍት ቦታ የተስተካከለ ማመልከቻ እልካለሁ» ግን በእናንተ እጅ ነው። መቀጠሩን ተመኙት፣ ጸልዩበት፤ ደብተሩ ላይ ግን ማመልከቻውን ጻፉ።

ማስረጃ ያልኩትም ለጌጥ አይደለም። «ተምሬያለሁ» ማለት ቀላል ነው። ሦስት ሪፖርት የላከ ሰው ግን አለቃው ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር አለው።

7. ካሌንደሩ ላይ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ

ይህ ደረጃ ረጅም ነው፣ አንድ ሙሉ ምሽት ስጡት።

መጀመሪያ የሞቱ ሳምንታትን በቀይ ሰርዙ። መስቀል መስከረም 17 ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ሁለት ሳምንታት ብዙም ሥራ አይሠራባቸውም። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን እዩ። በሁዳዴ የከሰዓት ቅዳሴ የምታስቀድሱ ከሆነ ለ55 ቀን የምሽት ፕሮግራማችሁ ይቀየራል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል፤ ምሽቱ የተራዊህ ሶላት ስለሆነ ጥናቱን ከሱሁር (ከንጋት በፊት ከሚበላው ምግብ) በኋላ ወዳለው ሰዓት ማዛወር ይሻላል።

ቀጥሎ የሥራችሁን ጥድፊያ ወቅት ሰርዙ። ሒሳብ ክፍል ያለ ሰው ሰኔና ሐምሌን ይርሳቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሪፖርቱ አለ። አንድ ዓመት ሰኔ ላይ የሚጀምር ኮርስ ሙሉ ክፍያ ከፍዬ 3 ቀን ብቻ ተገኝቻለሁ። ገንዘቡም ቀረ። መምህር ከሆናችሁ በተቃራኒው ክረምቱ ነው የእናንተ ወርቃማ ጊዜ። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ከበዓል በፊት ያሉትን ሳምንታት አውጧቸው።

አሁን ቁጠሩ። ከመስከረም 1 እስከ መጋቢት 30 ድረስ 210 ቀን፣ ማለትም 30 ሳምንት አለ። መስቀል 1፣ ገናና ጥምቀት 2፣ ለሕመምና ለለቅሶ 3 ሳምንት ሲወጣ 24 ይቀራል። በሳምንት 4 ሰዓት ሲባዛ 96 ሰዓት። ኮርሱ 40 ሰዓት ከሆነ ለልምምድ 56 ሰዓት ተርፏል፣ ያስኬዳል። ኮርሱ 120 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ቀኑን ታራዝማላችሁ ወይ ግቡን ታሳንሳላችሁ። ይህን አሁን ማወቅ የካቲት ላይ ከመደንገጥ ይሻላል።

መጋቢት 30ን በዘፈቀደ አይደለም የመረጥኩት። የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 የሚጀምር መሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት በጀትና የሰው ኃይል ዕቅድ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይነጋገሩበታል። ደረጃ ዕድገት ወይም ሥልጠና የምትጠይቁት ያኔ ነው። ሐምሌ ላይ ብትጠይቁ አለቃችሁ ቢፈልግ እንኳ የበጀት ቦታ የለውም።

በመጨረሻ በመካከል ሁለት ምልክት አድርጉ። ለምሳሌ ኅዳር 30 ላይ ኮርሱ ያልቃል፣ ጥር 30 ላይ የመጀመሪያው ሪፖርት ይላካል።

የውጭ አገር ፈተና ወይም ስኮላርሺፕ ካለበት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓቱንም ቀይሩ። በግሪንዊች 23:59 ይዘጋል ማለት በእኛ በማግስቱ ሌሊት 8 ሰዓት ከ59 ነው። ቢሆንም ከ2 ቀን በፊት ላኩት፤ ኔትወርክ አይታመንም።

8. የሳምንቱን ገጽ ሥሩ፣ «ካልሆነስ» የሚለውንም ጻፉ

ቀንና ሰዓት ስጡት። «ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3፡30፣ እሑድ ከሰዓት አንድ ሰዓት»። ይህ 4 ሰዓት ነው። «በትርፍ ጊዜዬ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ትርፍ ጊዜ የሚባል እንደሌለ ደረጃ 2 ላይ አይተነዋል።

ከሥሩ እንቅፋቶቹን ከነመፍትሔያቸው አስፍሩ። መብራት ከጠፋ፣ ስልኬ ላይ ያወረድኩትን ቪዲዮ በፓወር ባንክ አያለሁ። አምሽቼ ከሠራሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እተካዋለሁ። ለቅሶ ካለ፣ ያ ሳምንት ይቀራል፣ ከሦስቱ መጠባበቂያ አንዱን ተጠቀምኩ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ነገሩ ሲደርስ አዲስ ውሳኔ መወሰን አይጠበቅበትም። ደክሞት እያለ «ምን ላድርግ» ብሎ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው መተኛትን ነው።

9. ለአንድ ሰው ንገሩ

አንድ ብቻ። የማያሞካሽ፣ የማያጣጥልም። በወር አንዴ «ስንተኛው ላይ ደረስሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ታላቅ ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ፣ የድሮ ጓደኛ ይሁን። ለሁሉም ካወራችሁት ገና ሳትሠሩ ምስጋናው ይደርሳችኋል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል።

10. በደመወዝ ማግስት ገምግሙ

በየወሩ 30 ደቂቃ ይበቃል። ደመወዝ ማግስት ያልኩት ብሩም ውሳኔውም የዚያን ቀን በእጃችሁ ስለሆነ ነው። ካቀድኩት 16 ሰዓት ስንቱን ሠራሁ? ብሩን አስገባሁ? ያደናቀፈኝ ምንድን ነው? መልሱን በቁጥር ጻፉ።

ሁለት ወር በተከታታይ ከግማሽ በታች ከሆነ ግቡን አትጣሉት፣ መጠኑን በግማሽ ቀንሱት። 4 ሰዓቱ 2 ይሁን፣ 800ው ብር 400 ይሁን። የቀነሰ ሰው ሲቀናው ይጨምራል። ያቆመ ሰው ግን እንደገና ለመጀመር ሌላ መስከረም ይጠብቃል።

ማስጠንቀቂያ

አዲስ ውል ሳትፈርሙ አሁን ያላችሁበትን ሥራ አትልቀቁ። «ና ተቀጥረሃል» የሚል የስልክ ጥሪ ውል አይደለም። በግል ድርጅት ከሆናችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ፤ ለአዲሱ ቀጣሪ መቼ እንደምትጀምሩ ስትነግሩ ይህን አስሉ። አዲሱ ቦታ ላይ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊኖር ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበቱ ስለምትችሉ ቢያንስ የ2 ወር ወጪ እጃችሁ ላይ ይኑር።

ባልደረሳችሁ የዕቁብ ዕጣ ተማምናችሁ የኮርስ ክፍያ ቀጠሮ አትያዙ። ዕጣው ኅዳርም ሊወጣ ይችላል፣ ነሐሴም። ቀኑ የግድ ከሆነባችሁ ለሰብሳቢው ቀደም ብላችሁ ንገሩና ዕጣ የሚለውጣችሁ ሰው ፈልጉ። ካልተገኘ የኮርሱን ቀን ግፉት። ለኮርስ ብላችሁ በወለድ አትበደሩ።

የዓመት ፈቃዳችሁን ቁጠሩ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ለፈተና ሳምንት አስቀምጡ። ሁሉንም ግን ለጥናት አታውሉት፣ ዕረፍት የሌለው ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

የሌላ ሰው ግብ መገልበጥ። የክፍል ጓደኛችሁ ካናዳ ሄደ ማለት እናንተም ዘንድሮ ፕሮሰስ ትጀምራላችሁ ማለት አይደለም። የእሱ 168 ሰዓትና የእሱ ብር ሌላ ነው።

ኮርስ መመዝገብን እንደ ግብ መቁጠር። ክፍያው ሲከፈል ደስ ይላል፣ የሆነ ነገር የተሠራ ይመስላል። ገና ምንም አልተሠራም። የግቡን ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ «እመዘገባለሁ» የሚል ግስ ካገኛችሁ ሰርዙትና በኮርሱ የምትሠሩትን ጻፉ።

የግል ግቡን መጀመሪያ መሠዋት። ሥራ ሲበዛ የሚቀረው እናትን መጎብኘት ወይም ጤና ነው። 2 ሰዓቱን በሰማያዊ አስምሩበት፤ የሥራው ግብ ከእሱ ላይ አይበደር።

ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ። ከአልጋችሁ አጠገብ ይቀመጥ፣ ካሌንደሩም ልብስ የምትቀይሩበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በደመወዝ ማግስት ካልከፈታችሁት የስልኩን ማስታወሻ ደወል በየወሩ በዚያ ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ ሙሉት።